የስፒከር ሳጥን ቀለም መግፈፍ፦ መጀመሪያ ከሥሩ ያለውን እዩ

ደብረ ማርቆስ ላይ ቴፕና ስፒከር እጠግናለሁ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ድምፅ ሲጠፋበት ነው። አሁን አሁን ግን ሌላ ጥያቄ በዝቷል፦ «ይሄን ቀለም ገፍፈህ እንጨቱን ታወጣልኛለህ?» አወጣለሁ። ጊዜ ላለው ሰው ግን «ቤትህ ሥራው፣ ብርህን ያዝ» ነው የምለው። ከባድ ሙያ አይደለም። ቅደም ተከተሉን የሳተ ሰው ግን ሳጥኑንም ስፒከሩንም ያጣል።

እንደ ምሳሌ የምይዘው ጠጅ ቤት ያላቸው የአንዲት እትዬን ሁለት ሳጥኖች ነው። ቁመታቸው ከጉልበት ከፍ ይላል። በ2000 ዓ.ም. ለሚሊኒየሙ ከተማው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሲቀባ እሳቸውም አልቀሩም፤ ሳጥኖቹን በዘይት ቀለም ባንዲራ አደረጓቸው። ከጊዜ በኋላ ደግሞ በላዩ ላይ ቡናማ ቀለም ተደረበበት። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ዋንዛ ነው! ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አናጢው ፊት ቆሞ ያሠራው ነው» አሉኝ። «እትዬ፣ ዋንዛ ከሆነ አሁኑኑ ይታያል» አልኳቸው።

ይታያልም። ከውጭ ምንም ያህል ቀለም ቢደራረብ፣ ቀለም ቀቢ የስፒከሩን ቀዳዳ ውስጠኛ ጠርዝ አይቀባውም። ስፒከሩን ፈታችሁ ስታወጡት እንጨቱ ተቆርጦ ራቁቱን ቆሞ ታገኙታላችሁ። ማየት ያለባችሁ እዚያ ነው። የእንጨቱ መስመር ሳይቋረጥ ካለፈ ጣውላ ነው። ስስ ስስ ንብርብር ካለው ኮምፔንሳቶ ነው። ፍርፋሪ እንጨት በሙጫ የተጋገረ ከሆነ ቺፕውድ ነው። ምንም መስመር የሌለው፣ ወጥ ቡናማ ዱቄት የመሰለው ኤምዲኤፍ ነው።

ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ከሆነ ደግሞ የላይኛውን ጫፍ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ የእውነተኛ እንጨት ልባስ ሊኖረው ይችላል፤ ከውጭ አገር የመጡ አሮጌ ሳጥኖች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ልባሱ የፕላስቲክ ወረቀት ከሆነ ግን ድካማችሁ ከንቱ ነው። መለያው ቀላል ነው። ጀርባው ወይም ታቹ ቀለም ካልነካው የእንጨቱን አበባ እዩ፤ ያው ዓይን፣ ያው ጭረት በየተወሰነ ርቀት ከተደገመ በማሽን የታተመ ነው። ሪሙቨር (ቀለም ማስለቀቂያው ኬሚካል) ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፣ ይበላሻል።

ስለዚህ ፍርዴን ላስቀምጥ። ጣውላ ከሆነ ግፈፉት። ኮምፔንሳቶ ከሆነ ላዩ ንጹሕ ከሆነ ብቻ ግፈፉት። የእንጨት ልባስ ካለው በጥንቃቄ ግፈፉት። ራቁት ቺፕውድ፣ ኤምዲኤፍ ወይም የፕላስቲክ ወረቀት ከሆነ አትግፈፉት። ያለውን ቀለም በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና ስቱኮ ሞልታችሁ እንደገና ቀቡት። ቺፕውድ አራግፎ «እንጨት አወጣሁ» የሚል ሰው ፍርፋሪ ነው ያወጣው።

የእትዬ ሳጥን ድብልቅ ሆነ። ጎንና ጎኑ፣ ላይና ታቹ በእርግጥም ዋንዛ ነው። ፊቱ ኮምፔንሳቶ፣ ጀርባው ቺፕውድ። አናጢው ብልጥ ነው፤ ዋንዛውን ዓይን በሚያርፍበት ላይ አውሎታል። እኛም የእሱን ተከተልን፦ ዋንዛው ይወጣል፣ ፊቱና ጀርባው ጥቁር ይቀባል።

አፈታት

ተራ ሳጥን ከሆነ ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣውን ገመድ ማላቀቅ ይበቃል። እንደ ጂፓስ ያለ፣ አምፕሊፋየሩ በውስጡ የሆነ ከሆነ ግን ሶኬቱን ነቅላችሁም እጃችሁን ቶሎ አታስገቡ። ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ያንን ክፍል የሚያውቅ ሰው ያውጣላችሁ።

ብሎኑን ስትፈቱ በሁለት እጅ ሥሩ። ከስፒከሩ ወረቀት ኋላ ትልቅ ማግኔት አለ። ካቻቢቴው ከብሎኑ ራስ ባመለጠ ቅጽበት ማግኔቱ ይስበውና ወረቀቱን ቀዶ ይገባል። አንዱ እጅ ያዙር፤ የሌላው እጅ ጣቶች የካቻቢቴውን ጫፍ ከበው ወረቀቱን ይጋርዱ። ብዙ ለጥገና የሚመጣ ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) የተቀደደው በሙዚቃ ጩኸት ሳይሆን በካቻቢቴ ነው።

ብሎኑ ሁሉ ወጥቶ ስፒከሩ አልነቃነቅ ካለ ቀለሙ ከሳጥኑ ጋር አጣብቆታል። አትፈልቅቁት። በምላጭ ጫፍ ዙሪያውን ቀለሙን ቁረጡ። ከዚያ ሳጥኑን ወደ ፊት ዘንበል አድርጋችሁ ከታች በመዳፍ ተቀበሉት። በራሱ ክብደት ይወርዳል።

ገመዱን ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ። ፖዘቲቩ ላይ ብዙ ጊዜ ቀይ ነጥብ ወይም የመደመር ምልክት አለ። ምልክቱ ከጠፋ 1.5 ቮልት የሆነች አንዲት የድንጋይ ባትሪ ትበቃለች። የባትሪውን ሁለት ጫፎች ገመዱ በሚያያዝባቸው የዉፈሩ ሁለት ምላሶች ላይ ለቅጽበት ብቻ አስነኩ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከተገፋ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ምላስ ፖዘቲቭ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ግልባጩ ነው። በናስትሮ ምልክት አድርጉበት። ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር) ግን በባትሪ አትንኩት፤ ኮይሉ፣ ማለትም የውስጡ የሽቦ ጥቅል፣ ቀጭን ነው።

በውስጡ ጥጥ ወይም ፋይበር ግላስ ታገኛላችሁ። ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትጥሉት፤ የድምፁ አካል ነው። ፋይበር ግላስ ከሆነ በጓንት አውጡትና ከረጢት ውስጥ ቋጥሩት፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባም አይወደውም።

ስፒከሮቹን ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ሥራ ቦታው አጠገብ አይሁኑ። በተለይ ቀለም በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የሚፈትግ ሰው ካለ አርቁለት። የሽቦው ብናኝ ወደ ማግኔቱ ይበርና ኮይሉ በሚንቀሳቀስበት ጠባብ ክፍተት ይገባል። ከዚያ በኋላ ስፒከሩ ይንኮሻኮሻል፤ ያንን ብናኝ ማውጣት ደግሞ የእኔን ቀን ይበላል።

ቢጫውና ቀዩ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባው ሊድ በሕግ የተገደበው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ጣሪያው ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 90 ክፍል ነው። የእትዬ ባንዲራ የተቀባው ከዚያ በፊት ነው። ሊድ መርዛማ ብረት ነው። ሊድ ክሮሜት የሚባለው ውሁድ ደማቅ ቢጫ ስለሚሰጥ በዘይት ቀለም ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲገባ ኖሯል። ስለዚህ አሮጌ ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ የዘይት ቀለም ስታዩ ሊድ አለበት ብላችሁ ተነሡ። ባይኖርበት የከሰራችሁት ነገር የለም።

ሊድ አለበት ማለት ሦስት ነገር አይደረግም ማለት ነው። ደረቁን አይፈገፈግም፤ አቧራው ነው ገዳዩ። እሳት አይነካውም፤ በከሰል ፍምም ሆነ በጋዝ ሲሞቅ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው። ቅራፊው ግቢ ውስጥ አይበተንም። ዶሮ ያገኘችውን ትለቅማለች፤ እንቁላሏን የሚበላው ደግሞ ልጃችሁ ነው። ከሥር ላስቲክ አንጥፉ፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ከአካባቢው ይራቁ፣ የሠራችሁበትን ልብስ ለብቻው እጠቡት። እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

ከአናጢዎች የሚመጣ አንድ ምክር አለ፦ «ኮስቲክ ሶዳ በጥብጠህ ልቅለቅበት፤ ጠራርጎ ይወስደዋል።» እውነት ነው፣ ይወስደዋል። አብሮ ግን ሙጫውን ይወስዳል፣ ልባሱን ያነሣል፣ እንጨቱን ያጠቁራል፣ እጃችሁንም ያቃጥላል። ሳሙና ለሚሠራበት ተዉለት።

አገፋፈፍ

ሪሙቨር ቀለም ከሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል። ጣሳውን አንብቡ። ሜቲሊን ክሎራይድ ወይም ዳይክሎሮሜቴን የሚል ካለበት ቤት ውስጥ አትክፈቱት። ትነቱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ተዘግቶ ከሰል በተያያዘበት ቤት ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ዓይነቱ ሪሙቨር ለቤት ተጠቃሚ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ታግዷል። አፍ ላይ የምናደርገው ተራ ማስክ አያቆመውም። ሌላ ዓይነት ካገኛችሁ እሱን ግዙ። የትኛውም ይሁን ነፋስ በሚያልፍበት ደጅ፣ በጥላ ሥር፣ ወፍራም የጎማ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ ሥሩ።

መጀመሪያ በታቹ በኩል መዳፍ በምታህል ቦታ ሞክሩ። ደግ ከሆነ አንዱን ጎን ብቻ ወደ ላይ አጋድማችሁ ጀምሩ። በአሮጌ ብሩሽ ወፈር አድርጋችሁ በአንድ አቅጣጫ አልብሱት። እንደ ግድግዳ ቀለም ወዲያ ወዲህ አትበሉት። ከዚያ በፌስታል ሸፍኑት። የማርቆስ ደረቅ አየር ሪሙቨሩን ቶሎ ያደርቀዋል፤ ከደረቀ ደግሞ ሥራውን ያቆማል። ፌስታሉ ትነቱን ይዞለት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ።

ፌስታሉን ስትገልጡ ቡናማው እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ስፓቱላ አስገብታችሁ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ግፉት። ስፓቱላው ሁለቱ ማዕዘኖቹ በሞረድ ይሙለሙ፤ ሹል ከሆነ ዋንዛው ላይ ጭረት ይተዋል፣ ያ ጭረት ደግሞ ከቫርኒሽ በኋላ ነው የሚያፈጥባችሁ። ቡናማው ሲነሣ ቀዩ ይመጣል። ለቀዩ እንደገና አልብሱ። በአንድ ዙር ሁሉንም ላውጣ ብሎ መታገል እንጨቱን መቧጨር ነው። ሪሙቨሩ ይሥራ፣ እናንተ ጠብቁ።

ለማዕዘንና ለመገጣጠሚያ ብረት አትጠቀሙ። ቀርከሃ እንደ እርሳስ ቅረጹና በእሱ አውጡት። እንጅባራ በኩል ያላችሁ ለዚህ አትቸገሩም። ቀርከሃው ቀለሙን ይጭራል፣ እንጨቱን ግን አይቆርጥም፤ ሲደንዝ መልሶ መቅረጽ ነው።

ቀለሙ ሲያልቅ በቲነር በራሰ ጨርቅ ጥረጉት። ሪሙቨሩ ውስጡ ከቀረ ቫርኒሹ አይይዝም። ውኃ ግን አትልቀቁበት፤ ጀርባው ቺፕውድ ነው፣ ውኃ ከጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ አይመለስም። ቅራፊውን በላስቲኩ ጠቅልላችሁ ጣሳ ውስጥ ክደኑት። ቦይ ውስጥም፣ እሳት ውስጥም አይግባ።

ብርጭቆ ወረቀት

ቀለም የሚባል ካልቀረ በኋላ ነው ብርጭቆ ወረቀት የሚነሣው። በጭረት ውስጥ የቀረች ቀይ ካለች ተመልሳችሁ በሪሙቨር አውጧት። ለጣውላ 100 ቁጥር፣ ቀጥሎ 120፣ 180፣ 220። ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ጠቅልሉት፤ በጣት ብቻ ከሆነ ጎድጓዳ ይወጣል። ሁልጊዜ በመስመሩ አቅጣጫ ሂዱ። ማስክ አድርጉ።

የእንጨት ልባስ ከሆነ ማሽን አታስነኩት፣ ከ150 ቁጥር በታችም አትውረዱ። አንድ ዘዴ አለ። ላዩን ሁሉ በእርሳስ ቀለል አድርጋችሁ ሞነጫጭሩት። የእርሳሱ መስመር ሲጠፋ አቁሙ። ግማሽ ሚሊ ሜትር በጣም ትንሽ ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ በእጅም ቢሆን አትጫኑ፤ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ጣውላው የተመታና የጎደጎደ ቦታ ካለው ለስቱኮ አትቸኩሉ። እርጥብ ጨርቅ አድርጋችሁ በጋለ ካውያ ጫን አድርጉት። እንፋሎቱ የተረገጠውን እንጨት ያነሣዋል። የተሰነጠቀና የተቆረጠ ከሆነ ግን አይነሣም፤ እሱ መሙያ ይፈልጋል። ከራሱ የወጣውን የዋንዛ ብናኝ በኮላ ለውሳችሁ ሙሉት፤ ሲደርቅ ከአካባቢው ትንሽ ይጠቁራል፣ ለእኔ ግን ከነጭ ስቱኮ ይሻላል። የተረፈውን ኮላ ወዲያው ጥረጉ። ኮላ የነካው እንጨት ቫርኒሽ ስለማይጠጣ ነጣ ብሎ ይቀራል።

ከመቀባታችሁ በፊት በቲነር የራሰ ጨርቅ አንዴ አሳልፉበት። ለአፍታ የቫርኒሹን መልክ ያሳያችኋል፤ ያመለጠ ጭረት ካለም እዚያው ይጋለጣል። የእትዬ ዋንዛ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ የወጣው በዚያች አፍታ ነው። እሳቸው «ኧረ የኔ ጌታ!» ብለው ጨርቁን ከእጄ ሊቀሙኝ ነበር።

መቼ ይቀባል

ክረምት ላይ አትጀምሩት። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብርዱም እርጥበቱም አለ። ቫርኒሽ በአንድ ቀን የሚደርቀው ቀርቶ ለቀናት እጅ ሲይዝ ይቆያል። በቲነር የሚቀጥነው ላከር ደግሞ ይነጣል። ቲነሩ ቶሎ ሲተን ላዩን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት እዚያ ላይ ይቋጥርና ጉም የለበሰ ይመስላል። ባሕር ዳር ያለ ሰው ሙቀቱ ይረዳዋል፤ የክረምቱ እርጥበት ግን እሱንም አይምረውም።

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ደህና ነው። እሱም ቢሆን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የውድማው እብቅ አለ። ከከተማ ወጣ ያለ ሰው ጤፍ ሲወቃ ነፋሱ ገለባውን ይዞ ይመጣል፣ እርጥብ ቫርኒሽ ላይም ያርፋል። በዚያ ወቅት ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ቀቡና በር ዝጉበት። ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፤ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ አረፋ ይቋጥራል።

በምን ይቀባል

ጎጃም የኑግ አገር ነውና «የኑግ ዘይት አሽቼበት ቢያበራስ?» የሚል አይጠፋም። ለጊዜው ያበራል። ግን ኑግ በጣም ዘግይቶ ነው የሚደርቀው፤ ሳጥኑ እየተጣበቀ አቧራ ሲሰበስብ ይከርማል። የተልባ ዘይት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ለምግብ የተጨመቀው ሳይሆን ማድረቂያ የገባበትና ለእንጨት የሚሸጠው። የተልባ ዘይት ያሸችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ተጨምቆ ከተቀመጠ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ለጠጅ ቤት ግን እኔ ቫርኒሽ ነው የምለው። ብርሌ የሚቀመጥበት ሳጥን ዘይት ብቻ አይበቃውም። ዋንዛን በማሆጋኒ ቀለም ማቅለም ደግሞ ለእኔ ኃጢአት ነው። የራሱን መልክ ለማየት አይደል የለፋነው?

ጣሳውን አትነቅንቁ፤ አረፋ ይገባዋል። በእንጨት ቀስ ብላችሁ አማስሉት። የመጀመሪያውን እጅ ጣሳው በሚያዘው ማቅጠኛ ከአሥር አንድ ያህል አቅጥኑት፤ እንጨቱ ይጠጣዋል። የሚቀባው ጎን ወደ ላይ ይጋደም፤ ቆሞ የተቀባ ይወርዳል። 24 ሰዓት ካረፈ በኋላ በ320 ቁጥር ቀለል አድርጋችሁ አለስልሱ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ድገሙ። ሦስት እጅ ይበቃል። አራተኛው መስታወት ያደርገዋል፤ ለኔ ዓይን ይበዛበታል።

ፊቱንና ጀርባውን ጥቁር ማት ቀለም ቀቡ። የቺፕውዱን የተቆረጠ ጠርዝ ደጋግማችሁ ቀቡት፤ እርጥበት የሚገባው በዚያ ነው።

መግጠም

ሽታው ሳይጠፋ ስፒከሩን አትመልሱ። የሚተነው ቲነር የስፒከሩን የስፖንጅ ጠርዝና ሙጫ ሊያላላ ይችላል። አፍንጫችሁን ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ አሽቱ፤ ካስነጠሳችሁ ገና ነው።

በስፒከሩና በሳጥኑ መካከል የነበረችው ስስ ስፖንጅ ከተቀደደች ቀይሯት። በዚያ አየር ካመለጠ ቤዙ ይሳሳል። ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ሰፍቶ ከሆነ የጥርስ መፋቂያ ስንጥር በኮላ ነክራችሁ ሙሉት። ሲደርቅ ብሎኑ ይነክሳል። በመስቀል አጠባበቅ፣ ማለትም አንዱን ከዚያም ትይዩውን እያላችሁ አጥብቁ፤ በአንድ ወገን ብቻ ከጠበቀ ቆርቆሮው ይጣመማል።

የፊቱን ጨርቅ ለመቀየር ያሰበ ሰው ወፍራም መጋረጃ ይዞ ይመጣል። አይሆንም። ጨርቁን አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እፍ በሉ። ትንፋሹ በሌላ በኩል እጃችሁን ካልነካ ትዊተሩን ያፍነዋል። ሳሳ ያለ ነጠላ ጥሩ ይሆናል። እትዬ አሮጌ ነጠላቸውን አምጥተው ጥቁር አስነከሩት፤ ጥበቡን ከታች በኩል አስቀሩት።

በመጨረሻ ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን አቁሙና ዘፋኙ ብቻውን የሚዘፍንበትን ክፍል ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። ድምፁ ከሁለቱ መሐል ከመጣ ገመዱ ልክ ነው። ተበታትኖ ከጎንና ከጎን ከመጣና ቤዙም ከሳሳ የአንዱን ሳጥን ገመድ ብቻ ገልብጡና እንደገና ስሙ።